የከበደን ሰበቡ እንጂ ማይክሮፎኑ አይደለም

በሰሜን ሸዋ የሽለላው፣ የፉከራው፣ የሙሾውና የአዝማሪው ዜማ ተቀርፆ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ከጠረጴዛው ማዶ የሚመጣው መልስ አንድና ያው ነው፤ «መሣሪያ የለንም፤ ስቱዲዮ የለንም» የሚል። መልሱ ትሕትና ያለበት ይመስላል። አቅምን ማወቅና ጥራትን ማክበር ይመስላል። እኔ ግን ከትሕትናም ከጥራትም የራቀ፣ የዛሬን ሥራ ለማይመጣ ነገ የሚያሳድር ሰበብ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቀዳሚ መሣሪያ በልኩ የተመረጠ አንድ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ነው። ዋጋውም የአንድ ወረዳ የባህል ጽሕፈት ቤት ወይም የአንድ ትምህርት ቤት የኪነት ክበብ የማይደርስበት አይደለም።

ይህን የምለው ከታሪካችን ተነሥቼ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መዝጊያ ዓመታት ከደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ የተወለዱት፣ በአንኮበር ያደጉት ዳግማዊ ምኒልክ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ሆነው ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የድምፅ መልእክት ልከዋል። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ደግሞ የምንጃሩ ተወላጅ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በርሊን ላይ ዜማቸውን በሸክላ አስቀርፀዋል፤ በኢትዮጵያ የሙዚቃ ሸክላ ታሪክ ቀዳሚው ስም የእርሳቸው ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ከሀገራችን አስቀድመው ከተቀረፁት ድምፆች መካከል ሁለቱ ዛሬ ሰሜን ሸዋ ከምንለው ምድር የወጡ ናቸው። ሁለቱም የተቀረፁት ያለ ማይክሮፎን ነው። በዚያ ዘመን ተናጋሪው አፉን ቀንድ ወደሚመስል መለከት ያስጠጋል፤ የድምፁ ጉልበት ራሱ መርፌውን ይገፋል፤ መርፌውም ሰሙን ይቀርፃል። ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረፃ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከ1925 ወዲህ ነው። አባቶቻችን ያለ ኤሌክትሪክ ድምፃቸውን ለትውልድ አስቀመጡ፤ እኛ ኤሌክትሪኩም ኮምፒዩተሩም እያለን «መሣሪያ የለንም» እንላለን።

ወደ ቅርቡም ዘመን ብንመጣ ትምህርቱ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ በራሳቸው ኃላፊነት ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጡ። የተሟላ ስቱዲዮ እስኪሠራላቸው ቢጠብቁ ኖሮ ዛሬ ዓለም በአድናቆት የሚያዳምጠው የዚያ ዘመን ሙዚቃችን ገሚሱ ከተጫወቱት ሰዎች ጋር በጠፋ ነበር።

ስለ ጉዳዩ በቁጣ እንድጽፍ ያደረገኝን ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት ከአንድ የቀረፃ ቡድን ጋር ወደ አንኮበር ተጉዤ ነበር። ቡድኑ የያዘው ማይክሮፎን እጅግ ውድ የስቱዲዮ ኮንደንሰር ነው። ልንቀርፃቸው የሄድነው አዛውንት የማሲንቆ ተጫዋች በደጃፋቸው ተቀምጠው ቃኝተው ጨርሰዋል። ማይክሮፎኑ ግን ከገደሉ አፋፍ የሚነሣውን ነፋስ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ መንኳኳት፣ ከታች የሚጮኸውን ውሻና የኛኑ ጄኔሬተር ከማሲንቆው እኩል ሰማ። ባለሙያው ሁለት ሰዓት ደክሞ «አይሆንም፤ አዲስ አበባ እናስመጣቸዋለን» አለ። አዛውንቱ ደጋናቸውን እያስቀመጡ «ልጄ፣ መሣሪያችሁ ነፋሱን ከፈራ እኔንማ እንዴት ይችለኛል?» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። በዓመቱ ስመለስ ማሲንቆው ከግድግዳ ተሰቅሎ ነበር። ልጃቸው ከግጥሙ ጥቂት ስንኝ ያስታውሳል፤ ዜማውን ግን አያውቀውም። የዚያን ቀን በቡድኑ መኪና ውስጥ፣ ለመድረክ ማስተዋወቂያ ተብሎ የተጫነ አንድ ተራ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ነበር። ከሣጥኑ ያወጣው የለም፤ እኔም ጭምር።

ያ ማይክሮፎን ቢወጣ ኖሮ ለምን ይበጅ እንደነበር ከአሠራሩ መረዳት ይቻላል። በዳይናሚክ ማይክሮፎን ውስጥ አንድ ስስ ሽፋን አለ። ከሽፋኑ ጋር የተያያዘ የሽቦ ጥቅል በማግኔት መካከል ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ሽፋኑን ሲገፋው ጥቅሉ ይርገበገባል፤ ከዚያም ኤሌክትሪክ ይፈልቃል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ኃይል አያሻውም፤ የከበሮ ምትና የፉከራ ጩኸት አያስደነግጠውም፤ አቧራውንና የመንገዱን ንቅናቄም ይችላል። ኮንደንሰር ግን እጅግ ቀጭን ሽፋኑንና ውስጣዊ ማጉያውን የሚያሠራ ኃይል ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከመቅረጫው በገመዱ በኩል የሚላክ 48 ቮልት ነው። ስሜቱ ረቂቅ ነው፤ ረቂቅነቱ ግን ጸጥ ባለ ክፍል በረከት፣ በነፋሻማ ደጃፍ መርገም ነው።

«ዳይናሚክ የመድረክ ዕቃ ነው፤ ለቀረፃ አይሆንም» የሚሉ አሉ። እነዚህን ሰዎች ዓለም ራሱ ይመልስላቸው። ሹር የተባለው ፋብሪካ ኤስ ኤም 57 የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1965፣ ኤስ ኤም 58 የተባለውን በ1966 ሲያወጣ «ኤስ ኤም» የተባሉት ፊደላት «የስቱዲዮ ማይክሮፎን» ለማለት የቆሙ ነበሩ። መድረኩ በኋላ ወሰዳቸው እንጂ የታሰቡት ለስቱዲዮ ነበር። ማይክል ጃክሰን «ትሪለር» በተባለው የ1982 አልበሙ የዘፈነው በአብዛኛው ኤስ ኤም 7 በተባለ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ነው። እርግጥ ኤስ ኤም 7 ከሁለቱ ወንድሞቹ ይወደዳል፤ አሠራሩ ግን ያው የጥቅል ሽቦና የማግኔት አሠራር ነው። ያን ድምፅ የቻለ መሣሪያ የመንዝን ሽለላ አይችልም ማለት ስለ መሣሪያው አለማወቅ ነው።

በሌላው ወገን «ርካሽ ከሆነ ሁሉም ያው ነው» የሚል አለ፤ እርሱም ተሳስቷል። ስሙ የታወቀ ዳይናሚክ ማይክሮፎን በውጭ ገበያ 100 ዶላር ገደማ ያወጣል። ከዚያ በብዙ ያነሰ ዋጋ ያላቸውና ለጀማሪ የሚበቁም አሉ። ነገር ግን የታዋቂው ስም የተለጠፈበት ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ በዓለም ገበያ አስመስለው ከተሠሩት ማይክሮፎኖች መካከል እነዚሁ ሁለቱ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ስለዚህ ገዢ በስም ሳይሆን በጆሮው ይግዛ። መቅረጫውንና ማዳመጫውን ይዞ ሱቅ ይግባ። በመጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከጎን፣ በመጨረሻ ከኋላ ይናገርበት። ከፊቱ የሚሰማ፣ ከኋላው ግን በጉልህ የሚቀንስ ከሆነ ካርዲዮይድ የሚሉት ዐይነት ነው፤ ለእኛ ሥራ የሚበጀው ይኸው ነው። እጀታውን ይሻሸው፤ መሻሸቱ ከንግግሩ በላይ ከሰማ ይተወው። ገመዱ ከማይክሮፎኑ የማይነቀል ከሆነም ይተወው፤ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ያለው ገመድ ሲበጠስ በሌላ ይተካል። ከሁሉ በላይ ማይክሮፎኑ አማርኛ ይችል እንደሆነ ይፈትነው። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ እያለ ይናገር፤ እነዚህ ፍንዳታ ያላቸው ድምፆች ተለይተው መሰማት አለባቸው። ፐ ሲል እንደ ነጎድጓድ የሚያጓራ፣ ሰ ሲል እንደ እባብ የሚያፏጭ ማይክሮፎን ግጥማችንን ያበላሻል።

ከመግዛት ይልቅ ማስቀመጥ ይከብዳል፤ የቀረፃ ጥበብም እዚህ ላይ ይጀምራል። ርቀት እጥፍ ሲሆን የድምፁ ግፊት በግማሽ ይቀንሳል፤ የነፋሱና የጄኔሬተሩ ድምፅ ግን አይቀንስም። ስለዚህ ወደ ድምፁ መቅረብ ነው። ለአዝማሪው ሁለት ማይክሮፎን ይበቃል። አንዱ ከአፉ አንድ ጋት ያህል ርቆ፣ ትንፋሹ በቀጥታ እንዳይመታው ጥቂት ወደ ጎን ዘንበል ይበል። ከዚያም በላይ ከተጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ከልክ በላይ ያብጣል። ሁለተኛው በማሲንቆው ቆዳ ትይዩ በስንዝር ርቀት፣ ደጋኑ ጭራውን ከሚፍቅበት ቦታ ራቅ ብሎ ይቁም። ለክራር ወደ ገበቴው ይዙር። ለዋሽንት ከሚነፋበት አፍ ላይ ሳይሆን ከጣቶቹ ጎን ይሁን። ለከበሮ ጥቂት ይራቅ። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ነፋስ ደግሞ ስፖንጁን ሳያለብሱ ከቤት ውጭ መቅረፅ ከንቱ ድካም ነው። በጭቃ የተመረገ፣ መሬቱ አጎዛና ሰሌን የተነጠፈበት ቤት ባዶ ግድግዳ ካለው አዳራሽ የተሻለ ስቱዲዮ ነው፤ ድምፅን አያስተጋባምና።

ለተቃዋሚዎቼ የሚገባቸውን እውነት መስጠት አለብኝ። ዳይናሚክ ማይክሮፎን ሁሉን አይችልም። አሥሩ የበገና አውታሮች በእንዚራው ላይ እየተርገበገቡ የሚሰጡት ድምፅ ዝግ ያለ ነው። እነዚህ ማይክሮፎኖች በአንድ ፓስካል ግፊት የሚያፈልቁት ኤሌክትሪክ ከ2 ሚሊቮልት ያነሰ ሲሆን ብዙ የስቱዲዮ ኮንደንሰሮች ከ10 ሚሊቮልት በላይ ይሰጣሉ። ስለዚህ ዳይናሚኩ ጥሩ ማጉያ ያለው መቅረጫ ካላገኘ በበገናው ላይ ሹክሹክታ ይደርባል። ጸጥ ያለ ክፍልና ኮንደንሰር ላለው ሰው በገናን በኮንደንሰር መቅረፅ ይሻላል። ይህ ግን የክርክሬን መሠረት አይነካም። በገናን በሹክሹክታ መስማት ከነጭራሹ ካለመስማት ይበልጣልና።

አሁን ሒሳቡን እናስላ። በ1,000 ዶላር የሚገዛ አንድ የስቱዲዮ ማይክሮፎን በሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ የአንድ ቢሮ ንብረት ነው፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ለስብሰባ ከሄደ ሥራው ይቆማል። በዚያው ገንዘብ 10 ዳይናሚክ ማይክሮፎን ይገዛል። ሰሜን ሸዋ ከ20 በላይ ወረዳዎች አሉት፤ በአንድ ውድ ማይክሮፎን ዋጋ ገሚሶቹ ያህል አንዳንድ ያገኛሉ። ገመዱን፣ ማቆሚያውንና መቅረጫውን አልረሳሁም፤ እነዚህም ከማይክሮፎኑ ጋር አብረው በዕቅድ ይያዙ። በጀት መዝጊያ ላይ ማይክሮፎን ገዝቶ ገመድ የሚረሳ ዕቅድ ዕቃ አከማቸ እንጂ ባህል አልጠበቀም።

ግዢው ካለቀ በኋላ የሚቀር ግዴታ አለ። ዜማው ሳይጀመር የተጫዋቹ ስም፣ ቦታውና ቀኑ በድምፅ ይነገር፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ከዜማው ጋር የተቀረፀ ስም ግን አብሮ ይኖራል። ቅጂው በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ በወረዳው፣ አንዱ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱም በተጫዋቹ ቤት ይሁን። የከያኒው መብትም ይከበር፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከያኒውን ከነመብቱ ያውቀዋል። ሳይጠይቁ የአዛውንትን ድምፅ ወስዶ መሸጥ ቅርስ መጠበቅ ሳይሆን ዘረፋ ነው።

መምህራን፣ የባህል ባለሙያዎች፣ ከያኒያን፤ ጥያቄው ወደ እናንተ ይመለሳል። በእያንዳንዱ ቀበሌ ሙሾ የሚያወርዱ እናት፣ ሽለላ የሚያውቁ አባት ዛሬም አሉ። ዕድሜያቸው የበጀት ዓመታችንን አይጠብቅም። ፍጹም የሆነውን መሣሪያ ስንጠብቅ የምናተርፈው ፍጹም የሆነ ዝምታን ብቻ ነው። በመኪናችን ሣጥን፣ በትምህርት ቤታችን መጋዘን፣ በአዳራሻችን መድረክ ሥር የተቀመጠውን ያንን ተራ ማይክሮፎን እናውጣውና ወደ ሽማግሌው ደጃፍ እንሂድ። እኔ በአንኮበር አንድ ጊዜ ሳላወጣው ተመልሻለሁ፤ ሁለተኛ ሰው እንዲህ ሆኖ እንዳይመለስ ነው የጻፍሁት።