መራጩን ማን ጠየቀው?

ፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ በ1960ዎቹ ማብቂያ ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው የኦቾሎ አምባ ተቀምጠው የጋሞን የሸንጎ ሥርዓት አጠኑ። ኋላ አገራቸው ገብተው የፈረንሳይን ፖለቲከኞችና ብሔራዊ ምክር ቤት በዚያው ዓይን መረመሩ። በጋሞዎች የሸንጎ አደባባይ በዱቡሻ ሽማግሌዎች መርቀው ስብሰባውን ይከፍታሉ፤ አንዱ ተነሥቶ ይናገራል፣ ሌላው ከድንጋይ መቀመጫው ሆኖ ይሰማዋል፣ በተራውም ይመልስለታል። ድምፅ አይቆጠርም፤ ቃል አንድ እስኪሆን ይመከራል። ስለዚህ ያልተስማማው ሰው ለምን እንዳልተስማማ ሁሉም ያውቃል። ዛሬ በየምርጫው የሚጎድለን ይህ «ለምን» ነው። መገናኛ ብዙኃን ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉ የምናዝነው «ተታለለ» ለምንለው መራጭ ነው፤ እኔ ግን ከመራጩ ይልቅ የሚታወረው ያዘነበሉለት ወገን ነው እላለሁ።

የግንቦት 1997ን ምርጫ እንመልከት። በአገራችን የነበረው ብቸኛ የቴሌቪዥን ጣቢያ የመንግሥት ነበር። ክርክሮች በቀጥታ መተላለፋቸው በጎ ጅምር ቢሆንም፣ የዕለት ዜናው የማን እንደነበር ማንም አይስተውም። ሚያዝያ 29 የገዥው ኢሕአዴግ ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞሉት፤ በማግሥቱ እዚያው አደባባይ በተቃዋሚዎች ደጋፊዎች ተጥለቀለቀ። ግንቦት 7 ቀን በተሰጠው ድምፅ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች አንድም ሳያስቀር ወሰደ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ግንቦት 21 ቀን፣ ፈረንሳውያን በአውሮፓ ሕገ መንግሥት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሰጡ። አብዛኞቹ ታላላቅ ጋዜጦችና ጣቢያዎች ረቂቁ እንዲጸድቅ ሲወተውቱ ከርመው ነበር፤ ሕዝቡ ግን በ54.67 በመቶ «እምቢ» አለ። በሁለቱም አገር መራጩ አልደነገጠም። የደነገጠው ስለ እሱ ሲናገር የከረመው ነው።

ከዚያ በኋላ እኛ ዘንድ የሆነው ይበልጥ ያሳዝናል። ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ የግል ጋዜጦች ተዘጉ፤ በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ያዙ። ዜናው ያንን ድል እንደ ሕዝብ ፍቅር አቀረበው። ብዙም ሳይቆይ በኅዳር 2008 ኦሮሚያ በተቃውሞ ተናጠች፣ ከዚያ አማራ ክልል ተከተለ፣ በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሙሉ ምክር ቤት የያዘ መንግሥት ከጎኑ ያለውን ቁጣ እንዳይሰማ ያደረገው ራሱ የዘጋው ጆሮ ነበር። ስንት ሰው ለፓርቲው፣ ስንቱ ማዳበሪያ እንዳይከለከል ብሎ፣ ስንቱ በፍርሃት ካርዱን እንደጣለ የጠየቀ አልነበረም።

«መገናኛ ብዙኃን መራጭን አይመሩም ማለት የዋህነት ነው» የሚል ይኖራል፤ የፈረንሳይን የ2002 (እ.ኤ.አ.) ምርጫም ያነሣል። በኦርሌአን ከተማ አንድ አዛውንት ተደብድበው ቤታቸው ተቃጠለ፤ በምርጫው ዋዜማ ያበጠ ፊታቸውና እንባቸው በቴሌቪዥን ደጋግሞ ታየ። በማግሥቱ የቀኝ ጽንፈኛው ዣን ማሪ ለፔን በ16.86 በመቶ ድምፅ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጆስፓንን ቀድመው ሁለተኛ ዙር ገቡ። አዎ፣ ጣቢያዎቹ ሰው ስለ ምን እንዲጨነቅ ያደርጋሉ፤ ይህን አልክድም። ግን የዚያው ምርጫ ሁለተኛ ዙር ይታይ፦ በመጀመሪያው 19.88 በመቶ ያገኙት ፕሬዚዳንቱ ሺራክ ወደ 82.21 ዘለሉ። በሁለት ሳምንት ሺራክን የወደደ አገር አልተፈጠረም፤ ለፔንን ማገድ የፈለገ ግን ብዙ ነበር። ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይናገርም፤ 82ን እንደ ፍቅር ያነበበ የመራጩን ሐሳብ ስቶታል።

ዱቡሻንም ያለ እንከን ማቅረብ አልሻም። ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ለዘመናት ድምፃቸው ያልተሰማበት አደባባይ ነበር፤ ያ ዝምታም ስምምነት ተብሎ ተቆጥሯል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ማማከርም አይቻልም። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የምርጫ ዘጋቢ ከፓርቲ መግለጫና ከመድረክ ወጥቶ የአርባ ምንጭን የሙዝ ነጋዴ፣ የጨንቻን ሸማኔ ለምን እንደመረጠ፣ ለምንስ ካርድ እንዳልወሰደ ይጠይቅ፤ መልሱንም አለቃውን የሚያስከፋ ቢሆንም ሳይቆርጥ ያስተላልፍ። «ሰው እውነቱን አይናገርም» የሚሉ አዘጋጆች አሉ። ሰው እውነቱን የሚሸሽገው ስሙ ለካድሬ ይደርሳል ብሎ ሲሰጋ ነው፤ ስሙን መጠበቅ ደግሞ የጋዜጠኛው ሥራ ነው።