ጫማው ይውለቅ፦ በስኳር ሕመም ክትትል የእግር ምርመራ ስለሚገባው ስፍራ

የስኳር ሕመምተኛ በቀጠሮው ቀን ሲመጣ የደም ግፊቱ ይለካል፤ ጣቱ ተወግቶ የስኳሩ መጠን ይመዘገባል፤ መድኃኒቱንም ተቀብሎ ይሄዳል። ጫማውን እንዲያወልቅ የሚጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ አያገኝም። የዚህ ጽሑፍ አቋም አንድ ነው፤ እግሩ ያልታየ ሕመምተኛ ክትትሉ ተሟልቷል ሊባል አይገባም።

ከፍተኛ የደም ስኳር ለዓመታት ሲቆይ ነርቮችንና እነርሱን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጠቁ ምልክቱ ከሁለቱም እግሮች ጣቶች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆይቶም እጅን ይደርሳል። ሕመምተኛው ጉንዳን እንደ ወረረው ይሰማዋል፤ እግሩ ይደነዝዛል፤ ሌሊትም ያቃጥለዋል። ብዙዎች «ብርድ ነው» ብለው ያልፉታል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ስሜቱ ጸጥ ሲል ነው። ማቃጠሉ ሲቀር ሕመምተኛው የተሻለው ይመስለዋል፤ ነርቩ ግን መልእክት ማስተላለፍ አቁሞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እግር በጫማ ውስጥ ያለች ጠጠር አትቆረቁረውም፤ የምድጃ ፍም ቢፈጀውም አይሰማውም። ሳይታወቅ የሰነበተ ቁስል አመርቅዞ አጥንት ሲደርስ እግርን እስከ ማጣት ሊያደርስ ይችላል። ከነርቭ ጉዳቱም እስከ ግማሽ የሚደርሰው ያለ ምልክት ሊኖር ስለሚችል፣ «ያምሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም።

መሣሪያ የለም፣ ጊዜም የለም የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ሆኖም የ10 ግራም ጫና የሚያሳርፈው የናይሎን ክር ባይገኝ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የኢፕስዊች የንክኪ ምርመራ ከመርማሪው ጣት በቀር ምንም አይሻም። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ መርማሪው የሁለቱን እግሮች አውራ፣ መካከለኛና ትንሽ ጣቶች ጫፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ በቀስታ ይነካል። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙት እግሩ ለቁስለት የተጋለጠ ነው።

ምርመራው መንስኤውንም እንድንመረምር ያነሣሣናል። ሜትፎርሚንን ለረጅም ጊዜ መውሰድ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያስከትል ይችላል፤ እጥረቱም ራሱ መደንዘዝን ያመጣል። ቫይታሚኑ በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ፣ ጾም በሚበዛበት አገራችን ይህ ችላ ሊባል አይገባውም፤ በጊዜ ከተደረሰበትም ይታከማል።

በስኳር የተጎዳ ነርቭ ግን ወደ ቀድሞው መመለሱ አዳጋች ነው። ማትረፍ የምንችለው እግሩን ነው። ስሜቱ መቀነሱን ያወቀ ሰው እግሩን በየዕለቱ ማየትን፣ ጫማውን ሳያራግፍ አለማጥለቅን፣ በባዶ እግር አለመሄድንና እግሩን እሳት አለማሞቅን ይማራል።

ስለዚህ በዓይነት 2 የስኳር ሕመም ከምርመራው ዕለት፣ በዓይነት 1 ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ ጀምሮ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሞላ የእግር ምርመራ ስፍራ በክትትል ካርዱ ላይ ይኑር። ባዶ የቀረ ስፍራ ጠያቂ ይኖረዋል፤ ከቶ ያልተሰመረ መስመር ግን ማንንም አያስጠይቅም።