ስለ ጠመንጃ መነጽርና ስለሚገባው የአደን ርቀት

በእንፍራንዝ አጠገብ፥ አፄ ሠርፀ ድንግል ባሠሩት በጉዛራ ግንብ ቆሞ ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ጣና የሚመለከት ሰው ባሕሩ ከእግሩ ሥር የተዘረጋ ይመስለዋል። አየሩ ስለ ጠራ ዐይን ይሳሳታል፤ ቍልቍለቱን የሚወርደው መንገደኛ ግን ርቀቱን በድካሙ ያውቀዋል። የአደንም ነገር እንዲሁ ነው። በጠመንጃ ላይ የሚታሰር መነጽር አውሬውን ለዐይን ያቀርባል እንጂ ለጥይት አያቀርብም። ይህን ሳያስተውል ከሩቅ የሚተኵስ ሰው ድኩላውን አቍስሎ ወደ ገደል ይሰደዋል፤ ቍስለኛው በዱር ተሠቃይቶ ይሞታል፥ ሥጋውም የጅብ ሲሳይ ይሆናል።

አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ይገባል። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1944 ስለ አራዊት ጥበቃ ዐዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በእኛ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተከለለ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ዱር እንስሳት ዐዋጅ ቍጥር 541 ወጣ። የአደን ፈቃድ የሚሰጠው ሕጉ ሥልጣን የሰጠው መሥሪያ ቤት ነውና የወረዳ ሹም ወይም ባለ እርሻ በቃሉ ሊፈቅድ አይችልም። ከስሜን በቀር በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኘው ዋልያ ከቶ ሊነካ አይገባም።

መነጽር የሚገዛ ሰው እጅግ የሚያጐላውን መምረጡ ስሕተት ነው። ማጕላቱ ሲበዛ የሚታየው ስፍራ ይጠብባል፥ የእጅም መንቀጥቀጥ ጐልቶ ይታያል። ለድኩላ አራት ጊዜ የሚያጐላ መነጽር ይበቃል። የፊተኛው መስተዋት ስፋት በማጕላቱ ቍጥር ሲካፈል ወደ ዐይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል፤ 32 ሚሊ ሜትር ለ4 ሲካፈል 8 ይሆናል። የሰው ብሌን በድንግዝግዝ እንኳ ከ7 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይከፈትምና ይህ ከበቂ በላይ ነው። ያው መስተዋት 12 ጊዜ የሚያጐላ ቢሆን ግን ክቡ 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ሲመሽም ይጨልማል። ደግሞም መነጽሩ ውሃና ጉም የማያስገባ፥ በጠመንጃው ላይ ጠብቆ የታሰረ፥ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲገፋ ቅንድብ እንዳይሰነጥቅ ከዐይን አራት ጣት ያህል የራቀ ይሁን።

ጥይት ከአፈ ሙዝ ከወጣ ጀምሮ እየወደቀ ይሄዳል። በ100 ሜትር የተስተካከለ የተለመደ የአደን ጠመንጃ በ200 ሜትር አንድ ጋት ያህል፥ በ300 ሜትር ግን ሁለት ስንዝር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ብሎ ይመታል፤ መጠነኛ የጎን ነፋስም በዚሁ ርቀት አንድ ስንዝር ያህል ሊያስተው ይችላል። ድኩላ ፈጥኖ የሚሞትበት፥ ልቡና ሳንባው ያለበት ስፍራ ከአንድ ስንዝር አይሰፋም።

ስለዚህ ርቀትን የሚወስነው የተኳሹ እጅ ነው። የአንድ ስንዝር ስፋት ያለው ወረቀት በ50፥ በ100ና በ150 ሜትር ይተከል፤ አዳኙም እንደ አደን ጊዜ ተንበርክኮ በየርቀቱ አምስት ጥይት ይተኵስ። አምስቱም ወረቀቱን የመቱበት የመጨረሻው ርቀት ወሰኑ ነው። ወሰኑን ያወቀ ሰው አውሬው ከዚያ ቢርቅ ቀርቦ ይተኵሳል፥ መቅረብ ካልቻለም ይተወዋል። ገደልና ነፋስ በሚበዛበት በዚህ ደጋ ግን ከ150 ሜትር በላይ ማንም ባይተኵስ ይሻላል።

መልካም መነጽር ያለው ሰው ከሩቅም አስተካክሎ ይመታል የሚሉ አሉ። መነጽር ወንዱን ከሴቲቱ፥ ድኩላውን ከጥጃ ለመለየት በእውነት ይረዳል። ነገር ግን ነፋሱን አያቆምም፥ ጥይቱ እስኪደርስ አውሬው እንዳይራመድም አይከለክልም። ከሁሉ ይልቅ የሳተ ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ በእንፍራንዝም ከቍጥቋጦው ማዶ እርሻና እረኛ አለ። ከድኩላው ኋላ ጥይቱን የሚያቆም አፈር ካልታየ መተኰስ ክልክል ሊሆን ይገባል።

እንግዲህ ሹማምንት አዳኝ ወደ ወረዳቸው ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ፈቃዱን ይመልከቱ፥ በወረቀት ላይ ያስተኵሱት፥ ያቈሰለውንም አውሬ ደሙን ተከትሎ ሳይፈልግ እንዳይመለስ ያስጠንቅቁት። ለአዳኝ የገደለው ብቻ ይቈጠርለታል፤ አቍስሎ የተወውን የሚቈጥር ሹም ካለ ግን ዱሩም እረኛውም ይጠበቃሉ።