ጨረቃ የባሕሩን ሙላት ትነግራለች፤ ነፋሱን ግን አትነግርም

ዒድ በተቃረበ ቁጥር በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ስለ ጉዞ መምከር ይጀምራሉ። የጥቂት ቀናት ዕረፍት ተገኝቷል፤ ልጆች ባሕር ናፍቀዋል፤ በስልክ የሚታየው ሰማያዊ ውሃም ልብን ይስባል። በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ፣ ከጂዛን ጠረፍ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙት የፈረሳን ደሴቶች ከሚመረጡት መዳረሻዎች መካከል ናቸው። እዚያ የደረሰ ሰው መነጽር አጥልቆ፣ የመተንፈሻ ቱቦ በአፉ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ውሃው ሲደፋ ዓረቦች መርጃን የሚሉትን ኮራልና በመካከሉ የሚመላለሱትን ዓሦች በቅርብ ያያል። ስኖርክል የሚባለው ይህ የዋና ዓይነት ብዙ ወጪም ሆነ ረጅም ሥልጠና አይጠይቅም። ስለዚህም ብዙዎች ዝግጅት የማይሻ ይመስላቸዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቀኑን በዓሉ ይወስነዋል፤ ቦታውን ደግሞ ፎቶግራፉ። ሁለቱንም መወሰን የሚገባው ግን ባሕሩ ራሱ ነው።

ለሙስሊም ቤተሰብ የመጀመሪያው መረጃ በእጁ ላይ አለ፤ የሂጅራው የቀን አቆጣጠር ነው። የባሕር ሙላትና ጉድለት፣ ዓረቦች መድና ጀዝር የሚሉት፣ ጨረቃን ይከተላል። ጨረቃ አዲስ ስትሆንና ስትሞላ፣ ማለትም በወሩ መባቻና በ15ኛው ቀን አካባቢ፣ ውሃው ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይሞላል፤ ይበልጥም ይጎድላል። በወሩ 8ኛና 22ኛ ቀን አካባቢ ግን ልዩነቱ ይቀንሳል። ዒደል ፊጥር የሸዋል የመጀመሪያ ቀን እንደመሆኑ ምንጊዜም የሚውለው ውሃው በኃይል በሚሞላበትና በሚጎድልበት ሰሞን ነው። ዙልሒጃ 10 ቀን የሚከበረው ዒደል አድሐ ደግሞ ረጋ ባለው ሰሞን ላይ ያርፋል። በቀይ ባሕር መካከለኛ ክፍል፣ ለምሳሌ በጅዳ፣ ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም። ወደ ደቡብ ሲወረድ ግን እየጨመረ ይሄዳል። በፈረሳን በጠባብ የደሴት መተላለፊያ ለሚዋኝ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ውሃው ሲጎድል በመተላለፊያው የሚፈጠረው ጅረት ጎበዝ ዋናተኛን እንኳ ሊወስድ ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህ አቆጣጠር ስለ ነፋስ አይናገርም። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀናት ያህል ስለሚያጥር ዒድ አንድ ጊዜ በክረምት፣ ሌላ ጊዜ በበጋ ይውላል። የቀይ ባሕር ነፋስ ግን ፀሐይን እንጂ ጨረቃን አይከተልም። በደቡባዊው ክፍል በብርዱ ወራት ነፋሱ ከባብ ኤል መንደብ ወገን፣ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ በጂዛን ጠረፍም አቧራ ያስነሣል። በዚህ የሙቀት ወቅት የባሕሩ ገጽ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ የባሕሩ አማካይ ከፍታም ከብርዱ ወራት ያነሰ ስለሚሆን በጥልቀት የለሽ ቦታ ኮራሉ ወደ ውሃው ገጽ ይቀርባል። ተስማሚው ጊዜ እንግዲህ አንዱ ነፋስ ደክሞ ሌላው ገና ሳይበረታ ያሉት ሳምንታት ናቸው፤ በጸደይ መጨረሻና በመኸር መግቢያ።

ቀኑ ከታወቀ በኋላ ሰዓቱ ይከተላል። ከቀትር በኋላ ምድሩ ሲግል ከባሕር ወደ የብስ የሚነሣው ነፋስ ውሃውን ያናውጣል፤ አሸዋውንም ያደፈርሳል። ከዱሓ እስከ ዙሁር ባለው ጊዜ ግን ባሕሩ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ፀሐይም ከፍ ስለምትል ብርሃኗ እስከ ታች ይዘልቃል። በዚህ መካከል ውሃው ሞልቶ ለመጉደል ከመጀመሩ በፊት ያለው ጊዜ ከተገኘ ከዚያ የተሻለ የለም። ያን ጊዜ ከውጭ የገባው ውሃ ጥሩ ነው፤ ጥልቀቱም የዋናተኛው ጉልበት ኮራሉን እንዳይነካ ይበቃል። የሙላቱ ሰዓት ከቀን ወደ ቀን 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አያገለግልም።

ቦታን መምረጥም ከዚሁ ይመነጫል። ደሴት ሁልጊዜ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ነፋስ የሚመታው፣ ሌላው ከነፋስ የተከለለው። ፎቶግራፉ የተነሣው በየትኛው ፊት፣ በየትኛው ወር እንደሆነ የሚያውቅ ጎብኚ ጥቂት ነው። የዕለቱን ነፋስ የሚያውቀው የአገሬው ጀልባ ነጂ ነው። «ዛሬ እዚያ አይሆንም» ሲል ገንዘብ ፈልጎ ነው ብሎ ከመከራከር ምክሩን መስማት ይበልጣል። ደግሞም የደቡቡ ቀይ ባሕር ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚገባው ንጥረ ነገር የበለጸገ በመሆኑ እንደ ሰሜኑ ጥርት አይልም። ብልጽግናው ዓሣውን ያበዛል፤ እይታውን ግን ያሳጥራል። ይህን ሳያውቅ የሄደ ያዝናል፤ አውቆ የሄደ ይደሰታል።

ፈረሳን ሌላም ትምህርት አላት። በየዓመቱ በጸደይ፣ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ፣ ሐሪድ የሚባለው ዓሣ በብዛት ወደ አንድ የባሕር ወሽመጥ ይሰበሰባል። ነዋሪዎቹ ቀኑን ከአባቶቻቸው በወረሱት ዕውቀት ይጠብቃሉ፤ በዓልም ያደርጉታል። ያ ቀን ለመነጽርና ለቱቦ አይደለም፤ ዳር ቆሞ የማየት ቀን ነው። እንግዳ ሰው ከአገሬው መማር የሚገባው ዓሣ የማጥመዱን ጥበብ ሳይሆን ጊዜን የመጠበቁን ትዕግሥት ነው።

ከሁሉ በላይ አሳሳቢው ግን የሰው ሕይወት ነው። ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ከደጋ የመጡ አብዛኞቹ ወገኖች ዋና ሳይማሩ አድገዋል። በጅቡቲና በየመን በኩል ይህንኑ ባሕር በጀልባ ሲሻገሩ የቀሩ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ባሕር የመዝናኛ ሳይሆን የሐዘን ስም ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ወደ ውሃ ሲወርድ ማፈር የለበትም፤ የሕይወት አድን ሰደርያ መልበስ፣ ብቻውን አለመዋኘት፣ ጅረት ቢወስደው ፊት ለፊት ከመታገል በጎን መውጣት ይገባዋል። ሰውነትን የሚሸፍን ለዋና የተሠራ ልብስ ለሙስሊም እኅቶች የሚመች ከመሆኑም በላይ ከፀሐይ ይከላከላል። ሰፊ ዐባያ ግን ውሃ ሲጠጣ ከብዶ ወደ ታች ይጎትታልና አደገኛ ነው።

ያው ልብስ ለኮራሉም ይጠቅማል፤ ቆዳ ሲሸፈን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያንሳልና። ፓላው በ2020፣ ሃዋይ በ2021 ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉ ንጥረ ነገሮች ያሉባቸውን ቅባቶች ከገበያ ያገዱት በዚሁ ስጋት ነው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው፤ አንድ ሰው ለዕረፍት ቢቆምበት የብዙ ዓመታት ዕድገት ይሰበራል። የፈረሳን ደሴቶች በ2021 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል፤ ይህ ማዕረግ የሚጠበቀው ግን በአዋጅ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ጎብኚ እግር ጭምር ነው።

«ሠራተኛ ሰው የሚያገኘው ዕረፍት የዒድ ብቻ ነው፤ ወርና ነፋስ የሚመርጠው ባለጸጋ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት አለው። በአሠሪ ፈቃድ የሚወጣ ሰው ወሩን አይመርጥም። ሰዓቱንና የደሴቱን ፊት ግን ይመርጣል፤ ለዚህም ገንዘብ አይጠየቅም። ነፋሱ ከበረታ፣ ውሃው ከደፈረሰ ወይም በኃይል እየጎደለ ከሆነ ደግሞ ልጆችን በዳር አስቀምጦ ባሕሩን ከሩቅ ማሳየት ይቻላል። ልጆቹ ለጊዜው ያኮርፉ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁሉም አብረው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ባሕሩም በሚቀጥለው ዒድ እዚያው ይጠብቃቸዋል።