ጣሪያችሁ ላይ ያለው ኤልኤንቢ

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ሊመረቅ ነው። ለመመረቂያው በከፍተኛ ቅዝቃዜ የሚሰራ አምፕሊፋየር ላይ መስራት ፈልጎ ነበር፤ ጓደኞቹ ሳቁበት። «ቲቸር፣ እውነት ይሄ ለኢትዮጵያ ምኗ ነው? ልተወው?» አለኝ።

አትተወው! ምክንያቴን ሁላችሁም ስሙልኝ።

የሚኒ ሚዲያችንን ስፒከር ታስታውሳላችሁ? ማንም ሳይናገር ድምፁን ስንጨምረው «ሽሽሽ» ይላል። የዚህ ጫጫታ አንዱ ምንጭ ሙቀት ነው። ኤሌክትሮኖች በሙቀት ይተራመሳሉ፤ ጆንሰንና ናይኲስት በ1928 እ.ኤ.አ. በልኬትና በቀመር አሳይተውታል። ከሩቅ ሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ በጣም ደካማ ስለሆነ በዚህ ጫጫታ ይዋጣል።

መላው ማቀዝቀዝ ነው፤ በተለይ የመጀመሪያውን አምፕሊፋየር። እሱ የጨመረውን ጫጫታ ተከታዮቹ አብረው ያጎሉታላ! ደቡብ አፍሪካ ያለው ሚርካት ቴሌስኮፕ 64 ሳህኖች አሉት። መቀበያዎቹ 20 ኬልቪን አካባቢ፣ ማለትም ወደ ማይነስ 253 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛሉ።

ዲዛይኑ ግን ቀልድ አይደለም። ክፍል ውስጥ የማስተምራችሁ ተራው የሲሊከን ትራንዚስተር እዚያ ብርድ ውስጥ ማጉላት ያቅተዋል። ሄምት የሚባለው ዓይነት ይሰራል። አምፕሊፋየሩ ራሱም ብዙ ሙቀት ማውጣት የለበትም፤ ካወጣ ማቀዝቀዣውን ያደክማል።

ይህ ሩቅ ነገር ከመሰላችሁ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ጣሪያዎችን እዩ። ዲሹ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ውስጥ የዚሁ የሄምት ዘመድ የሆነ ትራንዚስተር አለ። ጋና ኩቱንሴ ላይ የነበራትን ባለ 32 ሜትር የቴሌኮም ሳህን ወደ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ቀይራ በ2017 እ.ኤ.አ. አስመርቃለች። እኛም ሱሉልታ የሳተላይት ጣቢያ፣ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለን። በእኔ እምነት ከብረቱ ይልቅ የሚቸግረን ሰው ነው።

ልጄ፣ ነገ ሥራ ታገኛለህ ብዬ አልዋሽህም። እኔ ባለ ዲፕሎማ የሃይስኩል መምህር ነኝ፤ ዲዛይኑንም አላስተምርህም። ግን ደካማን ምልክት ከጫጫታ የመለየት ሙያ የልብ ምት መለኪያውም፣ የሞባይል ታወሩም ይፈልገዋል። የትም አይጥልህም።

ላፍቶና ጀሞ ያላችሁ፣ የተበላሸ ኤልኤንቢ አትጣሉ። ትምህርት ቤት አምጡልኝ፤ ከልጆቹ ጋር ከፍተን እናየዋለን።