ከጓደኛ ጋር መንገድ ሲወጣ

አንድ ባለትዳር ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ቤት ትቶ፣ ከጓደኛው ጋር በሞተር ሳይክል ስድስት ቀን ተራራና ባሕር ዳር ሲዞር፣ ማታ ማታም ድንኳን ውስጥ ሲያድር ቢሰነብት ምን ትሉታላችሁ? «ይህ ሰው ገና አልበሰለም» የምትሉ ትኖራላችሁ። «ትዳሩ ሰልችቶት ይሆናል» የምትሉም አትጠፉም። እህቶች ደግሞ፣ «እኔንስ ማን ስድስት ቀን ያሳርፈኛል?» ትሉ ይሆናል። ሁሉም ተገቢ ነው። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰኔ ወር፣ እንዲህ ያለውን ጉዞ ሄጄ ስለተመለስኩ ዛሬ ስለዚሁ ላጫውታችሁ።

የምንኖረው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ወዳጄና እኔ ከሃያ ዓመት በላይ እንተዋወቃለን። በአንድ መዘምራን አገልግለናል፤ አንዳችን ለሌላችን ሚዜ ሆነናል። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ በሕመም ካረፈች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። እንደምታውቁት እኛ ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ቤቱ በሰው ተሞላ፤ እንጀራውም ወጡም ከየአቅጣጫው መጣ፤ ጸሎቱም አልተቋረጠም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው፣ ወደ ሁለተኛ ፈረቃው ተመለሰ። ወዳጄም ስልክ ማንሳት ተወ። እሑድ እሑድ መጨረሻ ረድፍ ላይ ይቀመጥና ከቡራኬ በፊት ይወጣል። «እንዴት ነህ?» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ከዚህ መልስ በኋላ ምን ይባላል? በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጣችው ባለቤቴ ናት። «ይህ ሰው ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ አይናገርም። ይዘኸው ውጣ» አለችኝ። ሁለታችንም የሞተር መንጃ ፈቃድ ካወጣን ዓመታት ስላለፉ፣ በምን እንደምንሄድ ታውቅ ነበር። ደስ ብሏት ግን አልነበረም። ሞተር ሳይክል ትፈራለች።

ፍርሃቷ ደግሞ እውነት አለው። በአሜሪካ በተነዳው ማይል ሲሰላ፣ የሞተር ሳይክል ነጂ በአደጋ የመሞት ዕድሉ ከመኪና ተሳፋሪ ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሄልሜት ማድረግ የነጂውን የሞት አደጋ በ37 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይገመታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ቢሆንም አደጋውን ጨርሶ አያጠፋውም። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት አንድ ምሽት ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ባለቤቴ አራት ነገር ጠየቀች፤ ሌሊት እንዳንነዳ፣ ዝናብ ሲመጣ እንድናቆም፣ ድንኳን ከመትከላችን በፊት በየዕለቱ እንድንደውል፣ ቅዳሜ ማታም ቤታችን እንድንገኝ። እኔም አንድ ነገር አልኩ፤ በመከር ወቅት እርሷ እህቷ ዘንድ ስድስት ቀን እንድትሄድ፣ ልጆቹን እኔ እንድይዝ። ወጪውንም ተስማምተን ወሰንን፤ ለምግብ፣ ለቤንዚንና ለማደሪያ ብቻ።

መንገዳችን የተጀመረው በቨርጂኒያ ፍሮንት ሮያል ከምትባል ከተማ ነው። ከዚያ ስካይላይን ድራይቭ የተባለው መንገድ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የተራራ ጫፍ ላይ 105 ማይል፣ ማለትም 169 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እርሱ ሲያልቅ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይቀጥላል፤ እስከ ሰሜን ካሮላይና ቼሮኪ ድረስ 469 ማይል ነው። ሥራው በ1935 ተጀምሮ የመጨረሻው ክፍል የተከፈተው በ1987 ነው። የጭነት መኪና አይገባበትም። ከፍተኛው ፍጥነት በመጀመሪያው መንገድ በሰዓት 35 ማይል፣ በሁለተኛው 45 ማይል ነው። ለመድረስ የሚቸኩል ሰው እዚያ መንገድ ላይ ምንም ጉዳይ የለውም። እኛ የሄድነው የቨርጂኒያውን ክፍል ብቻ ነው። የሰሜን ካሮላይናው ክፍል በመስከረም 2024 በሄሊን አውሎ ነፋስ ክፉኛ ስለተጎዳ፣ መሄድ የምታስቡ የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፓርክዌዩ ላይ የቤንዚን ማደያ ስለሌለም ከመንገዱ ወጥታችሁ መቅዳት ይኖርባችኋል።

ሁለት ሞተሮች አብረው ሲሄዱ ሕግ አላቸው። ጎን ለጎን አይነዱም። የፊተኛው የመንገዱን ግራ፣ የኋለኛው ቀኙን ይዞ በሰያፍ ይከተለዋል፤ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ ከአንዱ ኋላ በቂ ርቀት ጠብቆ ይሰለፋል። የማረፊያውን ቦታ የሚወስነው ትንሹ የቤንዚን ታንክ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነውም ዝግ ብሎ የሚነዳው ሰው ነው። የፊተኛው በየጊዜው ስፖኪዮውን ያያል፤ ጓደኛው ከጠፋበት ዳር ይዞ ቆሞ ይጠብቃል።

እኔ ወዳጄን አስቀደምኩትና ከኋላው ሆንኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ልቡ ፍጥነት እንዲሄድ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። በየኩርባው መጨረሻ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ በስፖኪዮው ይፈልገኛል። ጭጋግ በወረደ ጊዜ እንኳ ቀድሞ ፍሬቻ አሳይቶ የቆመው እርሱ ነው፤ «አልታየኸኝም እኮ» አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ እርሱን ሲጠብቅ፣ እርሱን ሲያይ፣ ለእርሱ ሲያዝን ከርሟል። እዚህ ግን እርሱ ራሱ የሚጠብቀው ሰው አገኘ። ወገኖቼ፣ ያዘነን ሰው ስንረዳ ይህን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ሁልጊዜ ተረጂ መሆን ሰውን ያደክመዋል። እርሱም የሚያስብለት ሰው ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ቢግ ሜዶውስ በተባለው ማደሪያ አደርን። በሸናንዶዋ ጥቁር ድብ ስላለ ምግብ በድንኳን ውስጥ አይቀመጥም፤ የጥርስ ሳሙና እንኳ ሽታ ስላለው ከምግቡ ጋር ብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። በሰኔ ወርም ቢሆን ተራራው ላይ ሌሊቱ ይበርዳል። እሳት አንድደን ሻይ አፈላን። ወዳጄ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በዝምታ መቀመጣቸውን ታስታውሳላችሁ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ሞተር መንዳት ለዚህ ይመቻል፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነህ፣ ግን ማውራት አትችልም። ማንም ዝምታህን እንደ ጥፋት አይቆጥርብህም።

ከተራራው ወርደን ወደ ምሥራቅ ታጠፍን፤ በሁለት ቀን መንገድም የሰሜን ካሮላይና አውተር ባንክስ የሚባለው ጠባብ የአሸዋ ደሴቶች ሰንሰለት ላይ ደረስን። አትላንቲክ ውቅያኖስ በአንድ በኩል፣ የተከለለ ባሕር በሌላ በኩል ነው። ተራራ ላይ የተማርነው እዚህ አልሠራም። አጭሩ የድንኳን ካስማ አሸዋው ውስጥ አይጸናም፤ ረጅም ያስፈልጋል። የሞተሩ መቆሚያ እግርም አሸዋ ውስጥ ስለሚሰምጥ ከሥሩ ሳንቃ ማድረግ ግድ ነው። ያለዚያ ሌሊት ሞተሩ ወድቆ ታገኙታላችሁ።

ኦሬገን ኢንሌት በተባለው ማደሪያ ባደርንበት ምሽት ወዳጄ ከሻንጣው ትንሽ ዕቃ አወጣ። ሽሮ ነው። ባለቤቱ ከመታመሟ በፊት ያዘጋጀችው ሽሮ የቀረው ያ ብቻ ነበር። «እንዳያልቅብኝ ስል አልበላሁትም። ሊነቅዝብኝ ነው» አለኝ። በትንሿ ቡታጋዝ ላይ፣ ነፋሱን በድንኳኑ ሸራ ከልለን ሠራነው። እንጀራ ስላልነበረን በዳቦ በላን። ከዚያ በኋላ መናገር ጀመረ። ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት፣ በእግዚአብሔርም ላይ ስለተነሣበት ጥያቄ፣ ማንም ፊት ያላለውን ሁሉ ተናገረ። እኔ መልስ አልሰጠሁም። መልስ የሚሻ ንግግር አልነበረም። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ «ይበቃል፣ እንተኛ» ብሎ ተነሣ፤ ዕቃውንም አጥቦ አስቀመጠ።

በዚያው ዳርቻ ሁለት ነገር አይተናል፤ ባለትዳሮች ብትሰሙት ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው ኪል ዴቭል ሂልስ ነው። ኦርቪልና ዊልበር ራይት የተባሉት ወንድማማቾች በታኅሣሥ 17 ቀን 1903 በሞተር የሚሠራ አውሮፕላን ያበረሩበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ ብቻ ቆየ፤ 36 ሜትር ተኩል ያህል ሄደ። እነርሱም በ1900 ወደዚያ አካባቢ መጀመሪያ ሲመጡ የተኙት በድንኳን ነው። ልብ ያልኩት ግን ሌላ ነገር ነው። አባታቸው ሚልተን ራይት ቢሾፕ ነበሩ። ልጆቻቸው በአንድ አውሮፕላን አብረው እንዳይወጡ ስለፈሩ፣ ልጆቹ አብረው ላለመብረር ቃል ገቡላቸው። ያን ቃል ጠብቀው ኖሩ። በግንቦት 25 ቀን 1910 በአባታቸው ፈቃድ ለአንድ ጊዜ ብቻ አብረው በረሩ። በዚያው ዕለት ኦርቪል የ81 ዓመቱን አባቱን ይዞ ወጣ። እነዚህ ደፋሮች ቤት የቀረውን ሰው ፍርሃት አልናቁም። ባለቤቴም በየምሽቱ ስልክ ስትጠብቅ፣ ደውሎ «ደርሰናል» ማለት ቃልን ማክበር ነው።

ሁለተኛው የኬፕ ሃተራስ የመብራት ማማ ነው። በ1870 ሲሠራ ከባሕሩ 457 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ባሕሩ አሸዋውን እየበላ በ1970 ወደ 37 ሜትር ቀረበው። በ1999 ማማውን ሳይፈርስ፣ እንደ ቆመ፣ በሐዲድ ላይ እየገፉ በ23 ቀን ውስጥ 884 ሜትር ወደ ውስጥ አራቁት። ወደ 60 ሜትር የሚረዝም የጡብ ሕንፃ ነው። በዚያው ዳርቻ በሮዳንቲ መንደር ግን ከ2020 ወዲህ በርካታ ቤቶች ባሕር ውስጥ ወድቀዋል። ማማውን ያዳነው ገና ቆሞ ሳለ መነሣቱ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው። «ወድቋል» እስክንባል ድረስ ለምን እንጠብቃለን?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ባልሽ ወይም ሚስትህ ከጓደኛ ጋር መንገድ ልውጣ ቢሉ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ «ለምን?» ብላችሁ በሰላም ተጠያየቁ። ከቤት ለመሸሽ የሚደረግ ጉዞና ለወዳጅ ሲባል የሚደረግ ጉዞ ይለያያሉ፤ ልዩነቱም አብዛኛውን ጊዜ በመልሱ ውስጥ ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ ወጪውንና ቀኑን ሁለታችሁ ወስኑ። የተደበቀ ደረሰኝ ከጉዞው ደስታ ይልቅ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ የሚቀረው ሰው ፍርሃት ይደመጥ። ሞተር ላይ የምትወጡ ከሆነ ፈቃድ፣ ሥልጠናና ሄልሜት ይኑራችሁ። በቨርጂኒያም በሰሜን ካሮላይናም ሄልሜት በሕግ ግዴታ ነው፤ ሕግ ባይሆን እንኳ ለቤተሰባችሁ ስትሉ አድርጉት።

አራተኛ፣ ተራው ይዙር። ባል ከጓደኛው ጋር ተራራ ሲወጣ ሚስት ሁልጊዜ ማዕድ ቤት የምትቀር ከሆነ ይህ ፍትሕ አይደለም። ባለቤቴ በጥቅምት እህቷ ዘንድ ሄደች፤ እኔም የልጆቹን ፀጉር መሥራት ተማርኩ።

አንዳንዶቻችሁ «ለእኔ ጓደኛዬ ባለቤቴ ናት፣ ሌላ አያስፈልገኝም» እንደምትሉ አውቃለሁ። መልካም ነው። ነገር ግን የአንድን ሰው ሐዘን፣ ሳቅ፣ ድካምና ጥያቄ ሁሉ አንዲት ሴት ብቻዋን እንድትሸከም መጠበቅ ጭነቱን ያከብድባታል። ባልም እንዲሁ። መልካም ወዳጅ ያለው ሰው ለትዳሩ ጭነት ይቀንሳል። ሞት ወይም ሕመም በመጣ ቀን ደግሞ በመንገዱ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ሰው አስቀድሞ ይኖረዋል። በስደት አገር በሁለት ሥራ መካከል የምንሮጥ ወንዶች በተለይ ይህን እናስብበት።

ወዳጄ ዛሬ «ተፈወሰ» ብዬ አልነግራችሁም። ሐዘን እንዲህ በስድስት ቀን አያልቅም። ነገር ግን ስልክ ያነሣል። ሐሙስ ሐሙስ እኛ ቤት ራት ይበላል። ባለቤቴ ሽሮ ስትሠራ ቅመሙ ላይ አስተያየት ይሰጣል፤ እርሷም ትስቃለች። እሑድም ከቡራኬው በኋላ ይቆያል።

እናንተስ? ከቡራኬ በፊት የሚወጣ የምታውቁት ሰው አለ? ሞተር ሳይክል የግድ አይደለም። አብሮ ዓሣ ማጥመድም፣ ጓሮ መቆፈርም፣ ረጅም መንገድ በእግር መሄድም ይሆናል። ዛሬ ማታ ከባለቤታችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ቀኑን ቁረጡ።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።