ቁርጥ የበላ ቡድን

ቅዳሜ ማታ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስለ ነገው ጨዋታ የሚከራከር ጠረጴዛ ላይ ቁርጥ አይጠፋም። እሑድ ቡድኑ በሜዳው ከተሸነፈ የሚሰጠው ምክንያትም ከወዲሁ የታወቀ ነው። «በሽሮ የሚሮጥ ልጅ 90 ደቂቃ አይችልም» ይባላል። ወቅቱ ጾም ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ ወደ ጾሙ ይዞራል። ይህ ከደጋፊ አፍ ብቻ የሚወጣ ወሬ ቢሆን ባልከፋ። ነገር ግን አሰልጣኙም፣ ቡድን መሪውም፣ ወጌሻውም የሚያምኑት ነገር ሆኗል። ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ክለብ በጨዋታ ዋዜማ ተጫዋቾቹን ሥጋ ቤት መውሰዱን ከዝግጅት ይቆጥረዋል። ለቡድኑ ውለታ መዋል ያማረው ነጋዴም የሚገዛው በሬ ነው፤ ድንች በጆንያ አስጭኖ የመጣ የለም።

ድንቹ ግን ሩቅ አይደለም። ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከስናን ወረዳ፣ ወደ ማርቆስ ገበያ ይወርዳል። ገብሱም፣ አጃውም፣ ጤፉም እዚያው ደጅ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ለሌላው አገር እህል የሚያበላ ምድር ሆኖ ሳለ ተጫዋቹ ጉልበት ያነሰው ሥጋ አጥቶ ነው ማለት ከጉዳዩ ጋር አይገጥምም።

አንድ እግር ኳስ ተጫዋች በጨዋታ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሸፍናል። አብዛኛው እርምጃና ሶምሶማ ነው፤ ጨዋታ የሚወስነው ግን በመካከሉ የሚመጣው ፈጣን ሩጫ ነው። ያን ሩጫ የሚያሮጠው በጡንቻና በጉበት ውስጥ የተከማቸ ስኳር፣ ባለሙያዎች ግላይኮጅን የሚሉት፣ ሲሆን እሱም የሚሞላው በካርቦሃይድሬት ነው። ስዊድናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቤንግት ሳልቲን በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህንኑ ነበር። ይህ ክምችት ጎድሎባቸው ሜዳ የገቡ ተጫዋቾች ከሸፈኑት ርቀት ግማሹን በእርምጃ ነው የጨረሱት፤ ሞልቶላቸው የገቡት ግን የተራመዱት ሩቡን ያህል ነበር። 70ኛው ደቂቃ ላይ ወገቡን ይዞ የሚቆመው የመስመር ተጫዋች ሁልጊዜ ሰነፍ ወይም ወኔ ቢስ አይደለም። ብዙ ጊዜ ያለቀበት ቅዳሜ ያልበላው ነገር ነው።

ቁርጥ ይህን ጎተራ አይሞላም። ቀይ ሥጋ ውስጥ ካርቦሃይድሬት የለም ማለት ይቻላል። ያለው ፕሮቲንና ስብ ነው፤ ስቡ ደግሞ ከሆድ ለመውረድ ጊዜ ይወስዳል። ማታ ሥጋ ላይ በርትቶ እንጀራውን ገፋ ያደረገ፣ ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሶ 9 ሰዓት ላይ ለጨዋታ የሚሰለፍ ልጅ የጠገበ ይመስለዋል እንጂ ለሩጫ የሚሆን ነገር በበቂ አልያዘም። ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው የኮሶ ትል ደግሞ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከጨዋታ ማግስት መድኃኒት የሚፈልግ ተከላካይ ለየትኛውም አሰልጣኝ አይጠቅምም። ከቁርጡ ጋር የሚወርደው ቢራና አረቄም የደከመ ጡንቻ ቶሎ እንዳያገግም፣ ሰውነትም ያጣውን ውሃ እንዳይተካ ያደርጋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋ ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በጨዋታ ዋዜማ፣ በጨዋታው ዕለትና በማግስቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ6 እስከ 8 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመክራሉ፤ ፕሮቲኑ በቀን ከ1.6 ግራም ይጀምራል። 65 ኪሎ ለሚመዝን አማካይ ሒሳቡ ይሠራ። ካርቦሃይድሬቱ ከ390 እስከ 520 ግራም ይደርሳል፤ ፕሮቲኑ ወደ 104 ግራም ነው። 600 ግራም የጤፍ ዱቄት 430 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬትና ከ60 ግራም በላይ ፕሮቲን ይዟል። 150 ግራም የሽሮ ዱቄት ሲጨመርበት ሌላ 30 ግራም ፕሮቲን ይመጣል፤ ጤፍ የሚያንሰውን የፕሮቲን ዓይነትም ሽምብራውና ባቄላው ያሟሉለታል። «የሚያደክመው» የተባለው የጾም ገበታ እንግዲህ ለዩኤፋ ልክ በጣም የቀረበ ነው። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ ያን ሁሉ በእንጀራ ብቻ ለማግኘት በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ መብላት ያስፈልጋል፤ በምሳና በራት ብቻ ይህን የሚችል ሆድ ጥቂት ነው። ስለዚህ በመካከል ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ በሶ መግባት አለበት። በክለቦች ካምፕ ውስጥ የሚጎድለውም ይኸው የመካከሉ ምግብ ነው።

ሥጋ ወዳዱ ክርክር የሚረሳው ሌላም ምስክር አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 10 የኢትዮጵያ ረጅም ርቀት ሯጮች የሚበሉትን መዝኖ ነበር። ከሚያገኙት ኃይል ወደ 64 በመቶ የሚሆነው ከካርቦሃይድሬት የመጣ ነበር፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት ሲሰላ ወደ 10 ግራም ይጠጋል። ከፕሮቲናቸውም አብዛኛው የእህልና የጥራጥሬ ነበር። እርግጥ ሯጭ እንደ ተከላካይ በትከሻ አይጋፋም፤ ተከላካይ ትንሽ ተጨማሪ ፕሮቲን ቢያገኝ አይጠላም። ነገር ግን ዓለምን ያሸነፈው እግር በሽሮና በእንጀራ ከሮጠ፣ «ሽሮ 90 ደቂቃ አያስኬድም» የሚለው ሰው ማስረጃውን ያምጣ።

ይህን ሲሰሙ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሮጡ አሉ፤ ጤፍ ብረት ስለሞላበት ሌላ ምንም አያስፈልግም ባዮች። ይህም አይሆንም። ጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በሬ ከሚያበራይበት ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነትም እንደ እህሉ ብረት አይጠቀምበትም። የሊጡ መቡካት ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣው ቡናና ሻይ ግን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚሮጥ ልጅ ብረት ማነስ ቀላል ነገር አይደለም። ቡናውን አንድ ሰዓት ማቆየት፣ ሽሮው አጠገብ ቲማቲም ወይም ሎሚ ማድረግ ለማንም የሚከብድ አይደለም።

ስለ ጾሙም እውነቱ ይነገር። እሑድ ለሚደረግ ጨዋታ ጾም ሰበብ አይሆንም። በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከሰዓት ጾም የለም፤ ቅዳም ሥዑር ብቻዋን ትለያለች። ተጫዋቹ ከቅዳሴ በኋላ ጨዋታው ሳይደርስ መብላት ይችላል። የሚጎዳው ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ልምምድ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አድካሚ ልምምድ ሠርቶ እስከ 9 ሰዓት ምንም ያልቀመሰ ሰውነት ያጣውን ለመመለስ የተመቹትን የመጀመሪያ ሰዓታት ያባክናል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፤ እሑድ ሲደርስ ጎተራው አልሞላም። ደጋፊው በሽሮው ላይ ያሳብባል እንጂ የልምምዱን ሰዓት የሚጠይቅ የለም።

ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በእርግጥ የሚያስፈልጉበት ዕድሜ አለ፤ እሱ ግን ከክለብ ዕድሜ ብዙ ይቀድማል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር፤ ክልሉ ከሁሉም የባሰ ነበር። እህል በሚተርፍበት ጎጃም ይህ መሆኑ ሊያስደነግጥ ይገባል። በብዙ ገጠር ቤት እንቁላሉና ቅቤው ወደ ገበያ ይሄዳል። በጾም ወቅት ደግሞ እናት ዕቃው እንዳይነካካባት ስትል ለሕፃኑ እንቁላል መቀቀል ትተዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከ7 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጹም አትልም። «ተጫዋቾቻችን በዘር አጭርና ቀጭን ናቸው» የሚለው የቴሌቪዥን ተንታኝ የሚያየው ብዙ ጊዜ በዚያ ዕድሜ የጎደለውን ነው። የ2 ዓመቱን ጉድለት በ22 ዓመቱ ቁርጥ መመለስ አይቻልም።

ውሃም አለ። «ልምምድ ላይ ውሃ አትጠጡ፣ ሆድ ይወጋል» የሚል አሰልጣኝ ዛሬም አልጠፋም። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ላብ አይታይም እንጂ በደረቁና በስሱ አየር ውስጥ በትንፋሽ ብቻ የሚወጣው ውሃ ቀላል አይደለም። ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ውሃ ያጣ ተጫዋች ኳስ ሲቀበልም ውሳኔ ሲወስንም ይዘገያል። በሶ በውሃ ተበጥብጦ፣ ማር ወይም ስኳርና ቁንጥር ጨው ሲገባበት፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የስፖርት መጠጥ ከሚሰጠው የጎደለ ነገር የለበትም። ኃይሉም፣ ውሃውም፣ ጨውም አለው። ወፍራም ከሆነ ግን ሆድ ላይ ይቀመጣል፤ ለእረፍት ሰዓት ቀጠን ማለት አለበት። ከሜዳ ውጪ ለሚደረግ ጨዋታ ጉዞ ደግሞ ጭብጦ የሚያህል የለም፤ ወደ ባሕር ዳርም ሆነ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚጓዝ ቡድን መንገድ ላይ ወርዶ ሥጋ ቤት ከሚፈልግ በየኪሱ ቢይዘው ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል የሚል መልስ ይመጣል። ደመወዙ ወራት የዘገየበት ተጫዋች በቀን አራት ጊዜ ብላ ቢባል ቀልድ እንደሚሆንበት እውነት ነው፤ በአገሪቱ ሊጎች የደመወዝ መዘግየት የተለመደ ወሬ ሆኗል። ነገር ግን ያው ክለብ ለዋዜማ ቁርጥ የሚያወጣውን ብር በድንች፣ በበሶና በሽሮ ቢመነዝረው ቡድኑን ከአንድ ማታ ይልቅ ሳምንቱን ሙሉ ይቀልባል። በጾም ልምምዱን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወደ ቀኑ 7 ሰዓት ማዛወር ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። የማርቆስ የመጋቢት ፀሐይ ቆላ ላይ እንዳለው አይፈጅም፤ ልምምዱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል፣ ተጫዋቹም ታጥቦ እንደወጣ 9 ሰዓት ሞልቶ ምሳው ይቀርብለታል። ይህን ለመወሰን አሰልጣኙ የሚያስፈልገው የካምፑን ምግብ አብሳይ ቀደም ብሎ ማነጋገር ነው፤ እስካሁን እሷን ወደ ስብሰባ የጠራት ክለብ ካለ ይንገረን።